ግሪኑን ቀድሜ የበሳሁበት ፀደይ

የጎልፍ ሜዳን ከብርዱ ወራት አውጥቶ ለተጫዋች ማብቃት በአብዛኛው ተራ ሥራ ነው። የወደቀው ቅርንጫፍ ይለቀማል፣ የማጨጃው ምላጭ ይሳላል፣ የውኃ መስመሩ ቀስ እያለ ተከፍቶ የፈነዳ ቧንቧ ይጠገናል። እኔን ያዋረደኝ ግሪኑን መብሳት ነው።

ግሪን ማለት ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ያለበት፣ ሣሩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪቀር የሚታጨድ መደብ ነው። በእግርና በማሽን ሲረገጥ ስለሚከርም አፈሩ ይጠጥራል፤ ሥሩም አየር ያጣል። ስለዚህ ባለ ቱቦ ማሽን አፈሩን በጣት ውፍረት እየመዘዘ ያወጣና ቀዳዳው በአሸዋ ይሞላል።

ሥራ አስኪያጁ ውድድር ስለ ነበረበት የመብሻውን ቀን ቆርጦ ሰጠኝ። ቴርሞሜትሬን አፈሩ ውስጥ ብሰካው 6 ዲግሪ አለ። የቀዝቃዛ አየር ሣር እንኳን ሥሩ የሚነቃቃው አፈሩ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ። በትእዛዙ የተናደድሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው፤ በዝምታዬ ግን ዛሬም እበግናለሁ።

አሸዋው ደግሞ እርጥብ ሆኖ መጣ። ቢሆንም በተንሁት። የቀዳዳውን አፍ ደፍኖ ውስጡን ባዶ አስቀረው፤ መጥረጊያው ሲጎትተውም ሣሩን ላጨው። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አንድም ቀዳዳ አልገጠመም። ደንግጬ ማዳበሪያ ጨመርሁ፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነበር። ሣሩ በብርድ አልበላውም፣ ሙቀቱ ሲመጣ ግን ቅጠሉ ብቻ ተመንጥቆ ወጣ። ውድድሩ ኳስ እየነጠረ፣ እኔም ከማሽን ቤቱ ሳልወጣ አለፈ። «ለምን አልዳነም?» ብሎ የጠየቀኝ ያው ቀን ቆራጩ ነው።

መመሪያዎች «በፀደይ መጀመሪያ» ይላሉ። አትስሟቸው። የአፈሩን ሙቀት ጠዋት ጠዋት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ለተከታታይ ቀናት ለኩ። አሸዋውን በጡጫችሁ ጨብጡት፤ ከተጋገረ ይደር። ዓይነቱም ከሥር ካለው ጋር ይመሳሰል፤ አለዚያ ንብርብር ሠርቶ ውኃውን ያግታል። ቀኑ አይለወጥም ካሏችሁ አፈር በማያወጣ ቀጭን መብሻ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ጥቅሙ ቢያንስም ቶሎ ይሽራል።

አሁን የለካሁትን ጽፌ ሥራ አስኪያጁን አስፈርማለሁ። ሲፈርም ፊቱ ይጠቁራል። ይጥቆር።