ትከሻዬን ያመመኝ ሌሊት

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን። ዛሬም ይህን ሳወራ እንባዬ ይቀድመኛል።

ከተጋባን 3 ዓመታችን ነበር። ለልጅ ስንጸልይ ቆይተን አረገዝኩ። በ7ኛው ሳምንት ግን ጠብ ጠብ የሚል ደም አየሁ። ከእምብርቴ በታች ግራ ጎኔን ይወጋኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "ጨጓራ ነው" ተብዬ ተመለስኩ።

ያን ሌሊት አዳማ ላይ ይዘንባል። 8 ሰዓት ላይ ሕመሙ ቀሰቀሰኝ። ሆዴ ብቻ አይደለም፣ የትከሻዬ ጫፍም ይቆረጥመኛል። እናቴ እኛ ጋር ነበረች። "ብርድ መትቶሽ ነው ልጄ" ብላ ቪክስ ታሸኝ ጀመር። ለሽንት ስነሳ ግድግዳው ዞረብኝ። ከዚያ የወለሉ ቅዝቃዜና የእናቴ "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" ማለት ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ባለቤቴ በባዶ እግሩ ሮጦ ባለባጃጁን ጎረቤታችንን ቀሰቀሰ። ወንድሜ፣ ጌታ ዘመንህን ይባርክ! ጉድጓድ በነካን ቁጥር ስጮህ "አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን" ትለኝ ነበር።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ማህፀኔ ባዶ ነው፤ ሆዴ ደም ሞልቶታል። ጽንሱ እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ አድጎ ቱቦውን አፈንድቶታል። የፈሰሰው ደም ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ እንደሚሰማ በኋላ ነው ያወቅኩት። "ልጄን ወደ ማህፀኔ መልሱልኝ" ብዬ ለመንኩ። ሐኪሟ እጄን ያዘችኝ። "አይቻልም የኔ እህት። አሁን አንቺን ነው የምናተርፈው።"

ወደ ኦፕራሲዮን ስገፋ "አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ" የሚለው መዝሙር ከአፌ ወጣ። መጨረስ አቃተኝ። "የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ" ብላ እናቴ ከኋላዬ ጨረሰችልኝ።

ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። የማላውቃችሁ ደም ለጋሾች፣ ጌታ ስማችሁን ያውቀዋል።

እውነቱን ልናገር፤ ከዚያ በኋላ በእግዚአብሔር ተቆጣሁ። "ልትወስደው ለምን ሰጠኸኝ?" አልኩት። ጉባኤው ሲዘምር አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ። እሱ ግን አልተወኝም።

እህቶቼ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ደም ካያችሁ፣ ጎናችሁን ከወጋችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ጸልዩ። ግን እየጸለያችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

አንድ ዓመት ከ4 ወር አለፈ። በቀረችኝ አንድ ቱቦ አረገዝኩ። "ሊደገም ስለሚችል ቶሎ ነይ" ተብዬ ስለነበር በ7ኛው ሳምንት ሄድኩ። ያችው ሐኪም ማሽኑን ሆዴ ላይ እያንቀሳቀሰች ዝም አለች። የባለቤቴ እጅ እጄ ውስጥ ላብ በላብ ሆኗል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

"ይኸውልሽ፤ ማህፀንሽ ውስጥ ነው።"