ለገና ጠዋት ሙዚቃ የሚመርጥ ሰው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያነጋችሁም፣ ከድስት ጋር ያደራችሁም፣ ባሕር ማዶ ሆናችሁ የቤተሰቡን ጫጫታ በስልክ ብቻ የምትሰሙም፣ መልካም ገና። የዘንድሮው መልእክታችን ብዙ ስለማይወራለት ሙያ ነው፤ በሬዲዮ ክላሲካል ሙዚቃ ስለሚያቀርብ ሰው፣ በተለይም የበዓል ጠዋት የአንድ ሰዓት ዝግጅት በእጁ ላይ እንዴት እንደሚሰናዳ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ስም መጥራት፣ ሙዚቃውን መልቀቅ፣ ዝም ማለት። ስሕተቱ የሚጀምረው ግን ገና ምርጫው ላይ ነው። አቅራቢው ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ ማዳመጫ አጥልቆ ይሰማና ይረካል። አድማጩ ግን ያለው ኩሽና ነው። ሬዲዮው ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል፣ ያለችው አንዲት ትንሽ ስፒከር ናት፤ ከሥሯ ቅቤ ይንጣጣል፣ ቡና ይወቀጣል፣ ልጅ ያለቅሳል። ስለዚህ ነገሩ የገባው አቅራቢ የመረጠውን ሁሉ በርካሽ ሬዲዮ ወይም በስልኩ ስፒከር፣ የቧንቧ ውሃ ከፍቶ እንደገና ይሰማዋል። ከውሃው ድምፅ በላይ ያልወጣ ነገር ለማታ ዝግጅት ይቆያል።

ለገና ከሚመረጡት አንዱን እንይ፤ የጣልያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የአርካንጄሎ ኮሬሊ ኮንቼርቶ፣ ኦፐስ (የሥራ መለያ ቁጥር) 6 ቁጥር 8። አምስተርዳም ውስጥ የታተመው በ1714 እ.ኤ.አ.፣ ደራሲው ባረፈ በዓመቱ ነው፤ ለልደት ሌሊት የተሠራ መሆኑም እዚያው ተጽፎበታል። ርዝመቱ 15 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ለሬዲዮ ይመቻል። ጌጡ ያለው መጨረሻ ላይ፣ ፓስቶራሌ በተባለው የእረኞች ዜማ ነው። በዚያ ዘመን የጣልያን እረኞች በገና ሰሞን ከተራራ ወደ ሮማ ወርደው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ይጫወቱ ነበር። አንዱ ቀጭን የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል፤ ሌላው ከቆዳ አቁማዳ ጋር የተገጠመ እንቢልታ መሰል መሣሪያ ታቅፎ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ ይጎትታል። ኮሬሊ ያንን ለቫዮሊንና ወፍራም ድምፅ ላለው ትልቅ ዘመዱ ለቼሎ ሰጠው። ከላይ ዜማው ሦስት ሦስት እያለ በሚቆጠር የ12/8 ምት እንደ እሹሩሩ ይወዛወዛል፣ ከታች ወፍራሙ ድምፅ ቆሞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ነው ትንሿ ስፒከር የምታጋልጠው። ወፍራሙን ድምፅ አታወጣውም። ዜማው ብቻውን ይንሳፈፋል፤ እረኛው አለ፣ አቁማዳው ጠፍቷል። መፍትሔው የሬዲዮውን ባስ መጨመር አይደለም፤ የሌለውን ድምፅ ምንም ቢጨምሩት አይመጣም። መፍትሔው ቀረጻ መምረጥ ነው። ማይክሮፎኑ ለቼሎው ቀረብ ብሎ የተቀረጸበት፣ የቀስቱ ፍትግታ ሳይቀር የሚሰማበት ይሻላል፤ ጆሮ ከዚያ ተነስቶ የጎደለውን ይሞላል። በሰፊ ካቴድራል ውስጥ የተቀረጸው፣ ለማዳመጫ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለኩሽና አይሆንም።

ጀርመናዊው ደራሲ ባኽም በ1734 እ.ኤ.አ. ለልደት በጻፈው ኦራቶሪዮ (በመዘምራንና በኦርኬስትራ የሚቀርብ ረጅም መንፈሳዊ ሥራ) ሁለተኛውን ክፍል የሚከፍተው በእረኞች ዜማ ነው፤ ሄንድልም በ«መሲሕ» ውስጥ እንዲሁ። ገና ጨዋታ ራሱ የእረኞች ደስታ ነው እየተባለ ላደገ አድማጭ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ከእነዚህ ቀጥሎ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት የአሸናፊ ከበደ «ባለዋሽንቱ እረኛ» ቢገባ ዝግጅቱ ቤት መጣ ማለት ነው።

ስለ ስም አጠራር አንድ ነገር። ፊደላችን ኽ እያለው «ባች» ማለት ምን አመጣው? ባኽ ነው። ኮሬሊ ሲባል ደግሞ ሊ ይጠብቃል። ማጥበቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ብርቅ አይደለም፤ ግን በጽሑፍ ስለማይታይ፣ ጠንቃቃ አቅራቢ በሚያነበው ወረቀት ላይ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ ያደርጋል።

ሰዓቱ የሚሰላው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ዝግጅቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ነው እንበል። የመጀመሪያው 5 ደቂቃ የዜና ነው፤ ለማስታወቂያ ሲባል ሙዚቃው 3:58:30 ላይ ማለቅ አለበት። የመጨረሻው ሥራ 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከሆነ፣ መነሻው 3:52:10 ነው፤ ወሬው ጣፈጠም አልጣፈጠም። ለእያንዳንዱ ሥራ መግቢያ 40 ሰከንድ፣ ማለትም 60 ወይም 70 ቃል ይበቃል። ኦፐሱንና የሙዚቃውን ቁልፍ ከመደርደር «ከታች የማያቋርጠውን ድምፅ ስሙልኝ» ማለት ይሻላል። ደቂቃ ሲያጥር አንድ ሙሉ ክፍል ይቀነሳል እንጂ ሙዚቃ መሐል ላይ ተቆርጦ አይደበዝዝም። ያ ለአድማጭ ሰው ሲናገር በር እንደ መዝጋት ነው።

በኢንተርኔት የምትሰሙ ወዳጆች ድምፁ የሚደርሳችሁ ዘግይቶ ስለሆነ «አሁን ልክ 3 ሰዓት ነው» የሚለው ለእናንተ ሁልጊዜ ውሸት ነው። ደግሞም ያኔ ዋሽንግተን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው።

ለመዝጊያ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ይመረጣል። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው እዚያው በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። አጨዋወታቸው ምቱን እየያዘ እየለቀቀ፣ ቆም እያለ ነው የሚሄድ። ለጆሮ ይህ ውበት ነው፤ ለማሰራጫው ኮምፒውተር ግን ራስ ምታት። ብዙ ጣቢያ ዝምታ የሚጠብቅ መሣሪያ አለው፤ ድምፁ ከተወሰነ ልክ በታች ለምሳሌ 15 ሰከንድ ከቆየ፣ ጣቢያው ተቋረጠ ብሎ መጠባበቂያ ሙዚቃ ወይም ማስታወቂያ ይለቃል። ገዳማዊ ጸጥታ መሐል የሳሙና ማስታወቂያ የሚገባው እንዲህ ነው። ስለዚህ ቴክኒሺያኑ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ አቅራቢውም እጁን ከፌደሩ፣ ማለትም ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው ላይ አያነሳም። ስስ ቦታ ሊመጣ 30 ሰከንድ ሲቀረው ጀምሮ በዝግታ ከ4 እስከ 6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይጨምራል፤ ድምፁ ሳይጎላ በፊት እንደዚያው በዝግታ ይመልሳል። በአንዴ ከተጨመረ የክፍሉ እሽታ አብሮ ይነሳና አድማጩ «ምን ሆነ?» ብሎ ቀና ይላል።

የመጨረሻዋ ኖታ ከተመታች በኋላ ፔዳሉ እስኪለቀቅ ይጠበቃል። ከዚያም ማይኩን ሳይከፍቱ በልብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሁን ማይኩ ይከፈታል፤ «መልካም በዓል» ይባላል።