በረዶ የመታውን ማሳ ስንመዘግብ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በነሐሴ መጨረሻ በረዶ ጥሎ ሰብል ሲወድም ጉዳቱን መዝግቤ እርዳታው ገበሬው እጅ እስኪገባ እከታተላለሁ። የተማርሁትን የምጽፈው በሌላ ቀበሌ ያላችሁ ባልደረቦቼና ከተማ የምትኖሩ የገበሬ ልጆች እንድትጠቀሙበት ነው።

ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሚባል እርዳታ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ወሎና ዋግ ኽምራ ነው። ድርቅ አገር ምድሩን ስለሚያዳርስ ከሩቅም ይታያል። በረዶ ግን አንዱን ጎጥ ጠራርጎ ወንዝ ማዶ ያለውን ቅጠል እንኳ ሳይነካ ያልፋል። የወረዳው አማካይ ምርት ሲሰላ የዚያ ጎጥ ችግር ይዋጣል። ስለዚህ ሪፖርቱ በድምር ሳይሆን በየማሳው፣ በየባለቤቱ ስም መቅረብ አለበት።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ጊዜ ነው። በዋልካ መሬት ላይ ስንዴው ወይም ጤፉ ከወደመ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ገልብጦ ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት ይቻላል። ገበሬው ግን «አጣሪ ኮሚቴ ሳያየው ካረስሁት ከዝርዝሩ እወጣለሁ» ብሎ ይፈራል። ካረሰ ማስረጃው ይጠፋል፤ ከጠበቀ መስከረም ያልፍበታል። እኛ በረዶው በጣለ ማግስት ከቀበሌው ሊቀመንበርና ከጎጡ ሽማግሌዎች ጋር ማሳውን ዞርን። ስንት ቃዳ (የአካባቢያችን የመሬት መለኪያ ነው) እንደሆነ፣ ምን እንደተዘራበት፣ ምን ያህሉ እንደወደመ ጻፍን፤ ፎቶ አነሳን፤ ድንበርተኞቹን አስፈረምን። ከዚያ ገበሬው እንዲያርስ ነገርነው፤ ዳር ላይ ጥቂት ብቻ ሳይነካ እንዲተው። አጣሪዎቹ ሲመጡ ያቺን ዳር ከፎቶው ጋር አመሳክረው ተቀበሉን። ሽምብራውም በጊዜው በቀለ።

በእኩል የሚታረስ መሬት፣ ማለትም ባለ መሬቱና አራሹ ምርቱን ለሁለት የሚካፈሉት፣ ሌላ ፈተና ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ብዙ ጊዜ ባሏ በሞተባት ወይም ጉልበት በሌላት እናት ስም ነው፤ ያረሰው ደግሞ መሬት የሌለው ወጣት ነው። በደብተር ብቻ ከመዘገብን ላቡን ያፈሰሰው ይቀራል፤ በአራሹ ብቻ ከሆነ ባለ መሬቷ ትቀራለች። ሁለቱንም በየቤተሰባቸው መዘገብናቸው። አንዲት እማሆይ «ልጄ፣ እኔ አላረስሁ፤ ለሱ ይሁንለት» አሉኝ። «እማሆይ፣ የርስዎም እኩሌታ እኮ ነው የወደመው» ብዬ ስማቸውን ጻፍሁ።

ብዙ ሰው እርዳታውን እንደ ካሳ ይጠብቀዋል። ስምንት ቃዳ የወደመበት፣ ሁለት ቃዳ ከወደመበት አራት እጥፍ የሚያገኝ ይመስለዋል። የምግብ እርዳታ የሚሰላው ግን በነፍስ ነው። የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ ማለት ነው። የማሳው ጉዳት ማን ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ ለማወቅ ይረዳል እንጂ መጠኑን አይጨምርም። ይህን ገና ሲመዘገብ ፊት ለፊት መንገር ይገባል፤ በክፍያ ቀን የሚነገር ከሆነ ሰው ተሰረቅሁ ይላል፤ አልፈርድበትም።

ዝርዝሩን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ጮክ ብለን አነበብን። የሞተውን፣ ከተማ የገባውን፣ የተረሳችውን ሕዝቡ ራሱ አረመልን። ቅሬታ የሚሰሙት ደግሞ ከመዝጋቢዎቹ ሌላ ሰዎች ነበሩ።

ክፍያው በገንዘብ ሲሆን ስም ያሰናክላል። መታወቂያው «ዓለሙ» ብሎ ዝርዝሩ «አለሙ» ካለ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣውን ሰው ከፋዩ ይመልሰዋል። ስም የምጽፈው መታወቂያውን ተቀብዬ እያየሁ ነው፤ በጆሮ ሰምቼ አልጽፍም።

ከወረዳ የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ የሽምብራ ዘር ከነሐሴ አስቀድሞ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ይቀመጥልን። እህል ቢዘገይ ዘመድ ከሌላ ጎጥ ያበድራል። ዘር ግን መስከረም ካለፈ በኋላ ቢመጣ ለዚያ ዓመት አይሆንም።