እናቴ በሌሊት የምትከፍተው በር

እግዚአብሔር በእናቴና በእኔ ላይ ያደረገውን ቸርነት ልመሰክር ቃል ከገባሁ ቆየሁ፤ ያዘገየኝ ምስክርነቱ ከራሴ ነውር የማይለይ መሆኑ ነው።

ወንድሜ በኩላሊት ታምሞ ሳለ ስለ እርሱ ሱባኤ ይዤ፣ ስለት ተስዬ፣ አልቅሼ ለምኜ ነበር። በ34 ዓመቱ አረፈ። ከቀብሩ ስመለስ «ከእንግዲህ አላስቸግርህም፤ አንተም አታስቸግረኝ» አልሁት፤ እግዚአብሔርን ነው የምለው። አራት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ፒያሳ ስመላለስ በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ሳልፍ፣ እጄ በልማድ እንዳያማትብ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር።

እናቴ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ለመንፈቀ ሌሊት ጸሎት ሳትነሣ ያደረችበትን ቀን አላስታውስም። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ በሯ ወደ ምሥራቅ ስለሚከፈት፣ እማዬ መቋሚያዋን ተደግፋ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጸልያለች። ብርድ አስገባሽብኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ!

ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም ነበር። ማታ ቡና ከጠጣን በኋላ ፍሙ እንዲያሞቀን ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ጠቀጠቅሁት፤ የመስኮቱንም ቀዳዳ በፌስታል ወተፍሁት። «ዛሬ እንኳ በሩን አትክፈቺብኝ» ብያት ተኛሁ። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ የተኛን ሰው እንደተኛ እንደሚወስድ ሐኪሟ በማግሥቱ ነገረችኝ። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ማንደጃ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ አትተኙ።

የቀሰቀሰኝ የሲኒ መሰበር ድምፅ ነው። እማዬ ለጸሎት ተነሥታ፣ በሩ ጋ ሳትደርስ ወድቃ፣ መቋሚያዋ ረከቦቱን ገልብጦት ነበር። መብራት ላበራ ስነሣ ጉልበቴ ከዳኝ። ራሴ በመጥረቢያ የሚፈለጥ መሰለኝ፤ አስመለሰኝ። እማዬን ጠራኋት፤ አልመለሰችልኝም። በደረቴ እየተሳብሁ ስሄድ አምስት እርምጃ የማትሞላው ወለል አላልቅ አለችኝ፤ ደርሼም ጋቢውን ብጎትተው፣ እኔው አጥብቄ የጠቀጠቅሁት ነውና እምቢ አለ። ያን ጊዜ አፌ ሳላዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አለ። አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣ ቃል! ደጋገምሁት፤ እንደ ልጅነቴ በጣቶቼ አንጓ ልቆጥር ሞከርሁ፤ 41 ሳይሞላ ጋቢው ተመዞ ወጣ፤ በሩ ተከፈተና ዝናቡ ፊቴን መታኝ። ጮኽሁ።

ጎረቤታችን ባለላዳው ጋሼ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጥተው እማዬን በጀርባቸው አዘሏት፤ ባለቤታቸው ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝ። እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው፤ እኔ የምከፍለው የለኝም።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላት እስኪነጋ ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም። እናቴን በገዛ እጄ እንደገደልኋት እያሰብሁ አልጋዋ ሥር ተቀመጥሁ። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል» የሚለው ቃል ይመጣብኛል፤ አላምነውም፤ ተመልሶ ይመጣል። የኪዳን ጸሎት በድምፅ ማጉያ ከሩቅ ሲሰማ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በሩን ዘግተሽ መጣሽ?» ብላ ነው። «አልዘጋሁትም» አልኋት፤ ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለ።

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ሲገባ ንስሐ አባቴ ፊት ቆምሁ። ከባድ ቀኖና ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ብቻ አድርሺ፤ ሌላ አትጨምሪ» አሉኝ። የራሴ ቃል አልወጣ ብሎኝ ስለነበር የተጻፈውን ማንበብ ዕረፍት ሆነኝ። የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ብሎ ይጀምራል፤ ልቡ ያዘነና የተከዘ አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው ወደደ ማለት ነው። አዳምን ስለ ማዘኑ አልወቀሰውም። ሳላደርስ የማድርባቸው ቀናት ዛሬም አሉ፤ ጸሎቱ በየዕለቱ የተከፈለ ነውና የትናንቱ እንደ ዕዳ አይከተለኝም፤ የዛሬውን እከፍታለሁ።

ስለ ወንድሜ ያለኝ ጥያቄ አልተመለሰልኝም። ነገር ግን ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የጮኸው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አዙሮ እንደሆነ ካስተዋልሁ ወዲህ፣ ጥያቄዬን እንደያዝሁ ሌሊት ከእማዬ አጠገብ እቆማለሁ። እርሷ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ እኔ ያንን አሮጌ ጋቢ ትከሻዋ ላይ እደርብላታለሁ።