ፖስታ ላይ ማን ይፈርማል?

«ፖስታ ላይ ደግሞ ማን ይፈርማል? ሰው የሚፈርመው ከደብዳቤው ግርጌ ነው።»

ይህን ያሉት የድሮ ፖስታና ቴምብር የምንመረምርበት የክፍላችን አንጋፋ ናቸው። የጠየቀቻቸው ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይቺ በግራ በኩል ከታች ያለችው ፊርማ የማን ናት?» ነበር ያለቻቸው። እሳቸው መልሰው ወደ ሥራቸው ዞሩ፤ ልጅቷም ዝም አለች። የጠየቀችው ግን በዚያ ፖስታ ላይ ሊጠየቅ የሚገባውን ዋናውን ጥያቄ ነበር።

ፖስታው ትንሽ ነው፤ ዕድሜ ቡናማ አድርጎታል። የሕንድ ቴምብር አለበት፦ አንዲት ብቻ፣ ሐምራዊ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ያላት፣ ዋጋዋ 8 ፓይ (ፓይ የዚያን ጊዜ የሕንድ ሳንቲም ነው)። ከላይ የላኪው ስምና ማዕረግ በቀጭን እጅ ተጽፏል፤ ተራ ወታደር ነው። ከታች በግራ ጥግ የፊርማ ጭራ ይታያል፤ ከሥሩ 33 የሚል ቁጥር አለ። የፊርማው መጀመሪያ የለም፤ በመቀስ ሄዷል። ወደ መቀሱ እመለሳለሁ።

አብሮት የነበረው የመግለጫ ካርድ እንዲህ ይላል፦ «1860። ክፍያው የጎደለ። ቴምብሩ ከዘመኑ ጋር አይሄድም፤ ተመሳስሎ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ስህተት ናቸው፤ ግን ሦስቱም ከአንድ ዓይነት ጥንቃቄ የመጡ ስለሆኑ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ከዓመቱ እንጀምር። ፖስታው ጀርባ ላይ አንድ የቀድሞ ባለቤት በእርሳስ 1860 ብሎ ጽፏል፤ ከጎኑ ዓ.ም. የለም፣ እ.ኤ.አ. የለም። የለንደኑ መድረሻ ማኅተም ስለተጨማለቀ ወሩም የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥርም አይነበብም። ካርዱን የጻፈው ሰው የእርሳሱን ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ወሰደው። ቴምብሯ በአንድ ጥግ ለቅቃለች፤ ያንን ጥግ በቀስታ አንስቶ ወደ ብርሃን ሲያየው ወረቀቷ ውስጥ የዝሆን ራስ ምልክት አገኘ። ባለ 8 ፓይ ቴምብር መጀመሪያ በ1860 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ወረቀቱ ምልክት አልነበረውም፤ የዝሆን ራስ ያለበት ወረቀት የመጣው በ1865 ነው። እንግዲህ በ1860 የተላከ ፖስታ ላይ የ1865 ወረቀት ከተገኘ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ነው ማለት ነው። ምርመራው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው አቆጣጠሩ ነው። በእርሳስ የጻፈው ሰው ኢትዮጵያዊ ሲሆን 1860 ያለው በእኛው ነው፤ መቅደላ የወደቀችበት፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን የሞቱበት ዓመት። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ይሆናል። ካርድ ላይ ራቁቱን ዓመት መጻፍ ስንት ነገር እንደሚያበላሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላየሁም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ክፍያው ደግሞ አልጎደለም። የዚያን ጊዜ የሕንድ ገንዘብ አንድ ሩፒ 16 አና፣ አንድ አና 12 ፓይ ነው፤ ሩፒው 192 ፓይ ይሆናል። ሩፒ በሁለት የእንግሊዝ ሺሊንግ፣ ማለትም በ24 ፔንስ (ፔንስ የፔኒ ብዙ ቁጥር ነው) ሲታሰብ፣ 192ን ለ24 ብናካፍል 8 ይመጣል። ባለ 8 ፓይዋ ቴምብር ልክ አንድ ፔኒ ናት፤ የተሠራችውም ለወታደር ደብዳቤ ነው። ሲቪሉ በአንዱ መንገድ ወደ እንግሊዝ ሲልክ 6 አና ከ8 ፓይ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር፤ ያ 80 ፓይ፣ የወታደሩ አሥር እጥፍ ነው። የሲቪሉን ታሪፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንዲት ባለ 8 ፓይ ሲያይ «ጎደለ» ቢል አይፈረድበትም። በተቃራኒው፣ ባለ 8 ፓይ ያየ ሁሉ «የወታደር ነው» ካለም ይሳሳታል፤ ቴምብሯ ከሌሎች ጋር ተለጥፋ የሲቪሉን ታሪፍ ስትሞላም ትገኛለችና።

ታዲያ የሚለየው ምንድን ነው? ያቺ ፊርማ ናት።

በ1795 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ለተራ ወታደርና ከመኮንን በታች ላለ ባለማዕረግ፣ ለመርከበኛም ጭምር፣ ነጠላ (ባለ አንድ ወረቀት) ደብዳቤን በአንድ ፔኒ እንዲልክና እንዲቀበል ፈቀደለት። መኮንን በዚህ ውስጥ የለም። ፔኒዋ በቅድሚያ ትከፈላለች፤ ደብዳቤው የወታደሩ የግል ጉዳይ ብቻ ይሆናል፤ ላኪው በአገልግሎት ላይ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ደግሞ ፖስታ ቤት በራሱ ሊያውቅ ስለማይችል፣ የጦር ክፍሉ አዛዥ በገዛ እጁ ፖስታው ላይ ስሙንና የክፍሉን ስም ይጽፋል። በሌላ ሰው እጅ አይሆንም። ያለ ፊርማው ወታደሩ እንደማንኛውም ሰው ይከፍላል። ወደ ወታደሩ የሚመጣ ደብዳቤም አድራሻው ላይ ክፍሉ ተጽፎ፣ ለራሱ ወይም አዛዡ በጽሑፍ ለወከለው ሰው ብቻ ይሰጣል። ከ1840 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ሁሉም ሰው በፔኒ መላክ ስለጀመረ፣ መብቱ ትርጉም ያለው ባሕር ማዶ ላለ ወታደር ነበር፤ ክብደቱም ከግማሽ አውንስ፣ ከ14 ግራም ግድም፣ አይበልጥም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ፖስታ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ከላይ ስሙንና ማዕረጉን አንብቡ፤ ማዕረጉ የመኮንን ከሆነ ፊርማ ቢኖርም መብቱ የለም። ቀጥሎ የታች ግራውን ጥግ እዩ። የፊርማው እጅ አድራሻውን ከጻፈው እጅ የተለየ መሆን አለበት፤ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ይለያል። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ያኔ ተጠራጠሩ። ቴምብሩን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓመቱንም አትርሱ፦ ሩፒ ሲወርድ ሂሳቡ ተለወጠ፣ በ1874 ባለ 9 ፓይ ወጣ፤ ከ1898 ገና ቀን ጀምሮ ደግሞ የፔኒው ታሪፍ ሕንድን ጨምሮ ለብዙው የእንግሊዝ ግዛት ሲቪል ሁሉ ተፈቀደ።

በናፒየር ዘመቻ፣ ማለትም እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላ ድረስ በዘመቱበት ጊዜ፣ የሠራዊቱን ደብዳቤ ያመላለሰው የሕንድ ፖስታ አገልግሎት ነው፤ ስዊዝ ካናል ገና አልተከፈተም፣ ደብዳቤው ከስዊዝ እስክንድርያ በባቡር ያልፋል። በዚያው በ1868 ለንደን ውስጥ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ዱ ፕላ ቴይለር በሚባል ሹም አሰባሳቢነት 49ኛው ሚድልሴክስ የተባለ የወዶ ዘማች ክፍል አቋቋሙ። ከዚያ ክፍል ሰዎች ነው በ1882 ለግብፅ ዘመቻ የጦር ፖስታ ኮር የተመሠረተው። እነዚያ ሰዎች ቀን ደብዳቤ ይለያሉ፣ ማታ ሰልፍ ይለማመዳሉ፤ «ፖስታ ላይ ማን ይፈርማል» ብሎ የሚጠይቅ በመካከላቸው አይገኝም ነበር።

አሁን ወደ መቀሱ። የፖስታው ግራ ጠርዝ ተበጣጥሶ ስለነበር፣ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት ለውበት ሲባል ቀጥ ብሎ ተከርክሟል።  የመከርከሙ ትእዛዝ በቃል ነበር፤ የሰጠውም የለም፣ የተቀበለውም የለም፤ ቁራጩም የለም።

ከፊርማው ሥር ያለው 33 የክፍሉ ቁጥር ነው፤ 33ኛው የእግረኛ ሬጅመንት መቅደላ በር ላይ ከፊት የነበረ ነው። ወደ ዘመቻው ሲገባ አዛዡ ኮሎኔል አሌክሳንደር ደን ይባላል፤ ካናዳ ተወልዶ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ያገኘ የመጀመሪያው ሰው፣ በ1858 ለ100ኛው ሬጅመንት ከቅኝ ግዛቲቱ ካናዳ ወዶ ዘማቾችን በማሰባሰብ የሠራ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1868 ሰንዓፌ አጠገብ ለአደን ወጥቶ በገዛ ጠመንጃው ተመትቶ ሞተ፤ መቃብሩ እዚያው ሰንዓፌ ነው። ማኅተሙ የማይነበበው ይህ ፖስታ የደን ፊርማ ቢኖረው ኖሮ ከዚያች ቀን በፊት የተፈረመ መሆኑ ይታወቅ ነበር። የተተኪው ከሆነም ከዚያ በኋላ። ያቺ ጭራ ብቻዋን ሁለቱንም አትለይም። ልጅቷ በማጉያ ስታያት ከሰዓት በኋላዋን ሙሉ ፈጅታለች፤ ሁለት ሆሄ እንኳ አልሞላላትም።

አንጋፋው ሕጉን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ አርባ ዓመት ቴምብሩን ነው ሳይ የኖርኩት፤ ጥጉን አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ» አሏት። ይህን ከሰው ፊት ማለታቸውን አከብርላቸዋለሁ። አዲሱ ካርድ ላይ «አራሚ» በሚለው መስመር ግን የእሷ ስም የለም፤ መኖር ነበረበት።

ካርዱ አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «1860 ዓ.ም.፣ 1868 እ.ኤ.አ. ግድም። የተራ ወታደር ደብዳቤ፣ 33ኛ ሬጅመንት። ክፍያ 8 ፓይ፣ ሙሉ። የአዛዡ ፊርማ በግራ ጠርዝ በክርከማ ተቆርጧል፤ ፈራሚው አይለይም።»