ስልሳ ጎረቤት፣ አምስት አምስት ዶላር

አሜሪካ ውስጥ ለሜይን ግዛት ምክር ቤት የምትወዳደር አንዲት ገበሬ አለች። ስሟን አልጽፍም። ፓርቲዋንም አልጽፍም፤ ብጽፍ ግማሹ አንባቢ እዚሁ ላይ ይዘጋዋል፣ ግማሹ ደግሞ ሳያነብ ያጨበጭባል። እኔን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ሌላ ነገር ነው። አንድ የገጠር ሰው ሕግ አውጪ ልሁን ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ምን ይጠየቃል?

እዚህ የሚጠየቀው አምስት ዶላር ነው። የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሜይን ሕዝብ በፈረንጆቹ 1996 በሕዝበ ውሳኔ የንጹህ ምርጫ ሕግ የሚባል አጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው በ2000ው ምርጫ ነው። እጩው ከባለሀብትም ከድርጅትም መዋጮ አልቀበልም ብሎ ከፈረመ የቅስቀሳውን ወጪ ከግዛቱ ያገኛል። ግን እንዲሁ ተነስቶ አይሰጠውም። በሚወዳደርበት የምርጫ ክልል ውስጥ በመራጭነት የተመዘገቡ ቢያንስ 60 ሰዎች አምስት አምስት ዶላር ማውጣት አለባቸው። ለግዛቱ የላይኛው ምክር ቤት፣ ለሴኔት፣ ከሆነ 175 ሰው ነው። ገንዘቡ ወደ እጩው ኪስ አይገባም፣ በቀጥታ ለንጹህ ምርጫ ፈንዱ ገቢ ይሆናል። የከፈለው ሰው ቅጽ ላይ ይፈርማል፣ የከተማው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ያረጋግጣል። ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 20 ነው። ከዚያ በፊት ለቤንዚንና ለወረቀት የምትሆን ትንሽ መነሻ ገንዘብ መሰብሰብ ይፈቀዳል፤ ያውም ከአንድ ሰው ከመቶ ዶላር መብለጥ የለበትም።

60 ሰው ሲባል ቀላል ይመስላል። አዲስ አበባ አንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል። እዚህ ግን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ለመድረስ መኪና ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ በረዶው ቀልጦ የአፈር መንገዱ ሁሉ የሚላቁጥበት የማርችና የኤፕሪል ጭቃ ነው። የጭቃ ወቅት ብለው ስም አውጥተውለታል። ከባድ መኪና እንዳይገባ መንገዱ አፍ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ይሄን ጭቃ ያውቀዋል።

እኔ የምሠራው ሆም ኬር ነው፣ ሰውን ቤቱ ሄዶ መንከባከብ። የእጩዋን እናት ነው የምንከባከባቸው፤ እማማ ነው የምላቸው፣ እሳቸውም ለምደውታል። ልጃቸው አትክልት ታመርታለች፣ ጥቂት ላሞችም አሏት። ልወዳደር ነው ስትል ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት ደስ ያላቸው እሳቸው ናቸው። እኔ እረፍት ሲኖረኝ መኪና እነዳላታለሁ፣ ቅጾቹን እይዝላታለሁ። የምኖረው ሉዊስተን የሚባል ሌላ የሜይን ከተማ ነው። ዜጋ ነኝ፣ መራጭም ነኝ፣ ግን የእሷ የምርጫ ክልል ስላልሆነ የኔ አምስት ዶላር አይቆጠርላትም። ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የኔ ብር ከተቆጠረ የማንም ብር ሊቆጠር ነው፤ ያኔ ደግሞ ኒውዮርክ ወይም ቦስተን የተቀመጠ ባለገንዘብ አንድ ቀን ከሰዓት ስልክ ደውሎ ስልሳውን ሰው ይሞላላታል፣ እሷም እነዚህን በሮች አንኳኩታ የምትዞርበት ምክንያት አይኖራትም።

ብዙ ቤት አብሬያት ገብቻለሁ። አንዱን ብቻ ልጻፍ።

ሴትዮዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። እጩዋ በሩ ላይ ቦቲዋን አወለቀች። ማንም አላዘዛትም፣ ጭቃ ስለነበረው ነው። በካልሲ ገብታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። የአንዱ እግር ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል። ሴትዮዋ አዩት፣ ፈገግ አሉ። እሷ ስለ ራሷ ምንም አላወራችም። "ክረምቱ እንዴት አለፈ?" ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ያወሩት ሴትዮዋ ናቸው። የማሞቂያ ነዳጅ ስንት ጊዜ እንዳስሞሉ፣ የትኛውን ክፍል ዘግተው የትኛው ውስጥ እንደተኙ፣ በረዶ ጠራጊው ልጅ ዋጋ ጨምሮ እንዳዘነላቸውና መልሶ እንደቀነሰ። ሜይን ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይበልጥ ቤቱን በነዳጅ ዘይት የሚያሞቅ ግዛት ነው። ይሄን ቁጥር አድርጎ ማንበብና አንድ እናት የትኛውን ክፍል እንደዘጉ መስማት አይገናኝም።

መጨረሻ ላይ አምስት ዶላሩን ጠየቀቻቸው። በግልጽ፣ ሳታፍር። ቼካቸውን አወጡ። "ለማን ብዬ ልጻፈው? ለአንቺ?" አሏት። "አይ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለፈንዱ ነው" አለች። ብዕሩን እንደያዙ ትንሽ አዩዋት። "ታዲያ አንቺ ምን ታገኛለሽ?" አሉ። "እርስዎን" አለቻቸው። ቅስቀሳ የሚያሰኝ ቃል አልነበረም፣ እንዲሁ ወጣላት። ሴትዮዋ ቀስ ብለው በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፉና ፈረሙ።

እኔ ይሄን ሕግ የወደድኩት ለዚህ ነው። ስለ ንጹህ ምርጫ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ሙስናን ነው፣ የገንዘብን ጉልበት ነው። እሱ እውነት ነው። ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ግን ቅደም ተከተሉን መቀየሩ ነው። ሌላ ቦታ እጩ የሚመጣው ሊሰጥ ነው። መንገድ እሠራለሁ፣ ውሃ አስገባለሁ፣ ግብር እቀንሳለሁ ይላል። እዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሊለምን ነው። የለመነ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ይሆንበታል። ያንን አምስት ዶላር የሰጠው ሰውዬም ነገ ስልክ ሲደውልላት እንደ ባለጉዳይ ደጅ አይጠናም፤ መብቱ እንደሆነ ያውቃል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ከንቱ ድካም ነው የሚሉ አሉ። የገጠር ሰው ድምፁን የሚሰጠው ለፓርቲ ነው፣ በር ብታንኳኳ ምን ይለወጣል ይላሉ። ለነሱ የማነሳው ክሎዊ ማክስሚንን ነው። ኖብልቦሮ በምትባል ትንሽ የሜይን ከተማ እርሻ ላይ ያደገች ልጅ ናት፣ ዴሞክራት ናት። በ2018 ዴሞክራት አሸንፎበት በማያውቅ የገጠር የምርጫ ክልል ተወዳድራ ምክር ቤት ገባች። በ2020 ደግሞ ለሴኔት ቀርባ በሴኔቱ የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩትን ዴና ዳውን አሸነፈች። 28 ዓመቷ ነበር። መሣሪያዋ በር ለበር መሄድ፣ ማዳመጥ፣ ከዚያ ላነጋገረችው ሰው በእጅ የተጻፈ ፖስትካርድ መላክ ነበር። ተቀናቃኝን ማብጠልጠል አልፈለገችም። በ2022 ዳግም አልተወዳደረችም፤ ያሳየችው ግን ተመዝግቧል። ከሌላው ፓርቲ ምሳሌ የሚያመጣልኝ ሰው ቢኖርም በደስታ እሰማለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ፓርቲ ነገር አይደለም።

በእርግጥ ሁሉም ቦታ እንዲህ በእግር የሚዳረስ አይደለም። የሜይን ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡ 151 መቀመጫዎች አሉት፤ አንዱ ሰው የሚወክለው ወደ 9 ሺህ ሕዝብ ገደማ ነው። ጎረቤታችን ኒው ሃምፕሻየርማ 400 ተወካዮች አሉት፣ ደሞዛቸውም በዓመት 100 ዶላር ነው። በወር አይደለም፣ በዓመት። ካሊፎርኒያ ሂዱ ደግሞ፣ የታችኛው ምክር ቤት 80 መቀመጫ ብቻ ነው፣ አንዱ ሰው ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይወክላል። እዚያ ቦቲ አውልቆ ወጥ ቤት መግባት የሚሆን ነገር አይደለም። ቴሌቪዥን ያስፈልጋል፣ ቴሌቪዥን ደግሞ ገንዘብ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን አለ። ገበሬ ሆኖ ተወካይ መሆን ከባድ ነው። ምክር ቤቱ በግዛቱ ዋና ከተማ ኦገስታ ላይ የሚሰበሰበው በመጀመሪያው ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ጁን ነው፣ በሁለተኛው እስከ ኤፕሪል። ከጃንዋሪ እስከ ጁን ማለት የዘር ወቅትን ጨምሮ ማለት ነው። ችግኙን ማን ይተክላል? ላሞቹን ማን ያልባል? ክፍያው ደግሞ ቤት የሚያቆም አይደለም። ስለዚህ ምክር ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ፣ ወይም የራሱ ገቢ ያለው፣ ወይም አለቃው ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ነው። የአምስት ዶላሩ ሕግ በር ይከፍታል እንጂ ከገቡ በኋላ ላሙን አያልብም። ይሄን ስላት "እህቴ ታልባለች፣ አንቺም እማማን ትጠብቂልኛለሽ" አለችኝ። እንዲህ ነው የተያያዘው። አንድ የገጠር ሰው ሕግ አውጪ የሚሆነው ከኋላው ሁለት ሦስት ሴቶች ሥራውን ሲሸከሙለት ነው፤ የኛም ስም መዝገብ ላይ ባይገባም ግድ የለኝም፣ ግን እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

አባቴን አስባለሁ። ምርጫ በመጣ ቁጥር ጋቢውን ደርቦ ከንጋት ጀምሮ ይሰለፍ ነበር። አንድ ወረቀት ለፌዴራል፣ አንድ ወረቀት ለክልል። የሚያውቀው ምልክቱን ነው። ሕገ መንግሥታችን የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይለዋል፣ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው፣ ባሕር ዳር ነው የሚቀመጠው፣ ከኛ መንደር ሩቅ ነው። መሬትን የሚያስተዳድረው ክልል ነው፤ አባቴ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያለው ጭንቀት መሬት ነው። ይሁን እንጂ በክልል ምክር ቤት የኛን አካባቢ ወክሎ የተቀመጠው ሰው ደጃችን መጥቶ ውሻችን ጮሆበት አያውቅም። አባቴ ተወካዩን ቢያገኘው የሚነግረው ብዙ ነበረው። የወንዙን ዳር፣ የግጦሹን፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን የድንበር ነገር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይዞታል። ለማን ይንገረው? ለኛ ነበር የሚነግረው፣ ማታ ማታ።

እዚያም የሚችል ሰው ጠፍቶ አይደለም። በየመንደሩ እድር የሚመራ፣ ሽምግልና የሚቀመጥ፣ ሰው የሚሰማው ሞልቷል። አንድ እጩ ከመመዝገቡ በፊት ስልሳ ጎረቤት ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ፣ አምስት አምስት ብር ለምኖ፣ አስፈርሞ ይምጣ ቢባል ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚወድቅ የመንደሩ ሰው በአንድ ሳምንት ይነግራችኋል። ይሄን ስጽፍ አገሬ ላይ ያለውን ሁኔታ ረስቼ አይደለም። ምርጫ እንዲህ እንዲሆን መጀመሪያ ሰው በሰላም ከቤቱ ወጥቶ መግባት አለበት። ግን መመኘት አላቆምም።

ወደ እጩዋ ልመለስና፣ ስልሳውን አልፋለች። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ሞልቷል። አሁን ጁን ላይ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ምርጫ አለ፣ ከዚያ ኖቬምበር ላይ ዋናው። ታሸንፋለች ወይ ብትሉኝ እጅግ እፈልጋለሁ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አንድ ሰውዬ ግን አለ። ከጫካው ዳር የሚኖር፣ እንጨት ቆራጭ። መጀመሪያ ስንሄድ አምስት ዶላሩን እምቢ አለ። ለፖለቲከኛ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም አለ፣ በሩንም ከግማሽ በላይ አልከፈተውም። ልንመለስ ስንል ግን ከኋላ ጠራት። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ወድቃ አምቡላንስ የመጣው ከሌላ ከተማ ነው፣ በጣም ዘግይቶ። ለምንድነው ከቅርብ የማይመጣው? ይሄን ብቻ ንገሪኝ አላት። እዚህ አካባቢ ሰው የሚፈራው ይሄንን ነው። በካለስ በ2017፣ በራምፎርድና በፎርት ኬንት በ2023 የማዋለጃ ክፍሎች ተዘግተዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት በበረዶ ብዙ መንገድ ትነዳለች። ሰዉ ቀጥሎ የሚዘጋው ምንድነው እያለ ነው የሚኖረው።

ጥያቄውን በደብተሯ ጻፈችው። ስልሳው ከሞላ በኋላ፣ ከእሱ ምንም የማትፈልግበት ጊዜ ላይ፣ ተመልሳ ሄደች። እኔም ነበርኩ። ማታ ማታ ተረኛ ሠራተኛ እንደማይገኝ፣ ከሚሠሩት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ፣ ግዛቱ ለድሆች በሚከፍለው የሕክምና መድን በኩል የሚመጣው ክፍያ ወጪውን እንደማይሸፍን፣ የቀረው ደግሞ ኦገስታ ሳይሆን በራሳቸው በከተማው ነዋሪዎች ስብሰባ የሚወሰን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችው። እኔ ከገባሁ የክፍያውን ነገር አነሳለሁ፣ የከተማውን ስብሰባ ግን አንተ መምጣት አለብህ አለችው። ሰውዬው አሁን በሩን ሙሉ ከፍቶታል። አምስት ዶላሩ አሁንም ይሠራል ወይ አላት። ተጨማሪ ገንዘብ ከግዛቱ ለማግኘት እስከ መኸር ድረስ ስለሚሰበሰብ ይሠራል። ግን ወዲያው አላወጣም። "ቅጹን እዚያ አስቀምጪው፣ ከሚስቴ ጋር እንነጋገርበት" አለ።

ቅዳሜ እንደገና በዚያ በኩል ነን። የከተማው ስብሰባ ቀን የተጻፈበትን ወረቀትም ይዘንለት እንሄዳለን።