አስፋልቱን የተሻገርኩ ጊዜ

ሰሞኑን አንድ ወጣት አሰልጣኝ ደወለልኝ። «ተቀናቃኛችን ቡድን ፈልጎኛል። አንተ አልፈህበታል፣ ምን ትመክረኛለህ?» አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል አወራን። ስልኩን ስዘጋው ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ተሰማኝ። ስለዚህ ልጻፈው። እኔ ስሻገር ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ልጅ ዓመቱ ባልተበላበት ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሰፈር የታዳጊ እግር ኳስ ፕሮጀክት ሰባት ዓመት አሰለጠንኩ። በ2014 መስከረም ላይ አስፋልቱን ተሻግሬ የማዶው ሰፈር ቡድን አሰልጣኝ ሆንኩ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው ያ አንድ አስፋልት ብቻ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱም ጋ ዛሬም ቡና እጠጣለሁ።

ከውጭ ላለ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። የከተማችን ሁለት ክለቦች ሐዋሳ ከተማ እና ሲዳማ ቡና ሲገናኙ የአንድ ቤት ወንድማማቾች ለሁለት ሲከፈሉ ያየ ግን ይገባዋል። የሰፈሩ ደግሞ ይብሳል ባይ ነኝ። የትልልቆቹ ደጋፊ ጨዋታ ሲያልቅ ይበተናል። የሰፈር ደጋፊ ግን ጠዋት ዳቦ ስትገዛ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ያገኝሃል።

ይህች ከተማ ኳስ ትወዳለች። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ሊጉን ሲወስድ የነበረውን ጭፈራ አልረሳውም። አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። በ2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ላይ ስትቀርብ፣ ዛምቢያ ላይ አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው አዳነ ነው። ከዚያች ጎል በኋላ ሜዳችን በልጅ ተሞላ። እኔም ማሰልጠን የጀመርኩት ያ ሙቀት ሳይበርድ ነው።

ለምን ሄድክ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ብር አይደለም፤ የሚሰጡኝ ከትራንስፖርት አያልፍም። አዲሶቹ ሲ ላይሰንስ የሚባለውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ ኮርስ እንድወስድ ሊያግዙኝ ቃል ገቡ። የድሮዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ «እናያለን» ሲሉኝ ነበር። ማሰልጠን ሥራ ነው። ገብረመድህን ኃይሌ በ2010 ከጅማ አባ ጅፋር ጋር፣ በ2011 ደግሞ ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሻምፒዮን ሲሆን እኔ ጎበዝ ነው ያልኩት። በመሄዴ አልጸጸትም።

ቀላል ቀላሉን ባጭሩ ልለፈው። ከአዲሱ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን ተፈራረምን። የድሮውን ሰብሳቢ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት፤ ተቆጣ፣ በኋላ ግን ጨበጠኝ። ኳሱን፣ ኮኑን፣ ማሊያውን ቆጥሬ አስረከብኩ። ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስቤ ተሰናበትኳቸው። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁትን ዛሬም እኮራበታለሁ።

ያጠፋሁት ከስንብቱ በኋላ ነው።

ከልጆቹ አንዱን ግራኙ እያልን እንጠራው ነበር። 16 ዓመቱ ነው። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ጫማውን በፌስታል እንዳንጠለጠለ ተከተለኝ። «ኮች፣ እኔም ልምጣ?» አለኝ። «ና» አልኩት። አላሰብኩም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። ያቺ አንድ ቃል ናት ጣጣውን ያመጣችው።

አሰልጣኝ በእግሩ ነው የሚሄደው። ተጫዋች የሚሄደው በወረቀት ነው። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ለአንድ ቡድን ብቻ ነው የሚመዘገበው። ግራኙ ደግሞ በድሮው ቡድን ስም የወጣ ቴሴራ፣ ማለትም የተጫዋች መታወቂያ፣ አለው። ይህን አውቃለሁ። ግን ሰብሳቢው እኔን ጨብጦ ስለሸኘኝ የልጁም ጉዳይ አብሮ ያለቀ መሰለኝ።

መዝጋቢው ቢሮ አራት ጊዜ ሄድኩ። አራቱንም ጊዜ አዲስ ነገር ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ቢሰጡኝ ኖሮ በሁለት ቀን እጨርሰው ነበር።

መጀመሪያ «መልቀቂያ አምጣ» አሉኝ። ሰብሳቢውን ለመንኩት። «ጋሼ፣ በልጁ አይጨክኑ» አልኩት። ሦስት ቀን አስጠበቀኝና በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጠኝ። ይዤ ስሄድ «ማህተም የለውም» ተባልኩ። ልክ ናቸው፣ የለውም። ተመልሼ ስጠይቅ ማህተሙን የሚይዘው ሰው ስልጠና ሄዷል፣ ማህተሙ መሳቢያው ውስጥ ተቆልፎበታል። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ግራኙ አንድም ልምምድ አልቀረም። ሲጨርስ መጥቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ደረሰ፣ ደረሰ» እለው ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ማህተም የተመታበትን መልቀቂያ ይዤ ሄድኩ። «የልደት ካርዱስ?» አሉኝ። በአራተኛው እሱንም ይዤ ሄድኩ። ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሰዓታት ነው የቀሩት። መዝጋቢው የልደት ካርዱንና ቴሴራውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በእስክሪብቶው ጫፍ ፊደል በፊደል መቁጠር ጀመረ። የአያት ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። በልደት ካርዱ ላይ በሐመሩ ሐ ነው የተጻፈው። በቴሴራው ላይ በሃሌታው ሀ።

«ሁለት የተለያየ ሰው ነው» አለኝ።

ለመንኩት። ፎቶውን አሳየሁት። ልጁ ራሱ ውጭ በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ውጣና እየው አልኩት። የከተማችንን ስም እንኳ ግማሹ ሐዋሳ ግማሹ ሀዋሳ ብሎ እንደሚጽፈው ነገርኩት። «አስተካክለህ ሰኞ ና» አለኝ። ሰኞ ምዝገባው ተዘግቷል።

በመዝጋቢው ተናድጃለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ። ግን ያን ማታ ቤቴ ተቀምጬ ቴሴራውን አገላብጬ ሳየው ጽሑፉን አወቅኩት። ከሦስት ዓመት በፊት ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሃያ ልጅ በአንድ ማታ እየመዘገብኩ፣ የልደት ካርድ ሳላይ፣ እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት። ያ ሀ የእኔ ሀ ነው።

ግራኙ ያን ዓመት አልተጫወተም። መጀመሪያ አካባቢ በየጨዋታው ጫማውን ይዞ ይመጣ ነበር፣ ከመስመር ውጭ ኳስ ያቀብላል። በሁለተኛው ዙር ቀረ። እናቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይጠብሳሉ። ሄድኩ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን ዓሣ እያገላበጡ ቀና ሳይሉ «ልጄን ና ያልከው አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔን ጠይቀኸኝ ነበር?» አልጠየቅኳቸውም። ከሰፈሩ ስድብ ሁሉ ይቺ ጥያቄ ናት ውስጤ የቀረችው።

ስድቡማ ነበር። ቤኒቴዝ የሚል ስም ወጣልኝ። ሊቨርፑልን ኢስታንቡል ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገው ቤኒቴዝ፣ ከእኔ ጥቂት ወራት ቀድሞ የሊቨርፑል የከተማ ተቀናቃኝ የሆነው ኤቨርተን ገብቶ ነበር። ኅዳር ላይ ሊቨርፑል ኤቨርተን ሜዳ ላይ 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጥር ላይ ሲባረር ሦስት ሰው ደወለልኝ። ይህ ያልፋል፣ አትፍራው። ከድሮው ቡድኔ ጋር 1 ለ 1 ከወጣን በኋላ ረገብ አለ።

እንግዲህ ለደወለልኝ ወንድሜ የምለው ይህን ነው። ተጫዋች የምታዛውርበት ቀን ሲመጣ ቢሮው «መጀመሪያ ደብዳቤህን እኛ ጋ አስገባ» ይልሃል። እኔ አትስማ እላለሁ። መጀመሪያ ወላጆች ጋ ሂድ፣ ቀጥሎ የድሮው ኮሚቴ ጋ። ቢሮ የመጨረሻው ነው፤ የሚሄደውም ምዝገባው ሊዘጋ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ደንቡ መልቀቂያ እስካለ ድረስ ተጫዋች ይዞ መሄድን ይፈቅዳል። አንተ ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድም ልጅ ይዘህ አትሂድ። አዲሱ ኮሚቴ ጎበዞቹን አምጣልን ቢልህ እንኳ እምቢ በል። ከቻልክ ደግሞ በመሃል አንድ ዓመት ሌላ ቦታ ሥራ። አርሰናልን ሁለት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ያደረገው ጆርጅ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1998 የአርሰናል ተቀናቃኝ ቶተንሃም ገብቶ በቀጣዩ ዓመት የሊግ ካፕ አነሳ። እሱ ግን በመሃል ሊድስ ነበር። አስፋልቱን በቀጥታ አልተሻገረም።

ፎርም ስትሞላ የልደት ካርዱን ፊት ለፊትህ አድርገው። እኔ አሁን ስሙን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የምጽፈው፣ ሀው የትኛው እንደሆነም እናትየውን እጠይቃለሁ።

በ2015 ከድሮው ቡድኔ ጋር ስንገናኝ፣ ከጨዋታው በፊት እንደ ወጉ ዳኛው ፊት የተቃራኒውን ቴሴራ አየሁ። ሰባተኛው የግራኙ ነበር። ወደ ድሮው ቡድን ተመልሶ ተመዝግቧል። ፎቶው ላይ ፊቱ ጎርምሷል። የአያቱን ስም አነበብኩ። በሐመሩ ሐ ነው የተጻፈው። ለዳኛው መለስኩለትና ወደ ልጆቼ ሄድኩ።